ያው ዝናብ፣ ሌላ ጎርፍ፦ የትንንሽ ተፋሰሶች ጎርፍ እንዴት ይገመታል?

ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር በክረምት የተጓዘ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው፣ ስሙን ከመንደሩ ሰው በቀር ማንም የማያውቀው ጅረት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ በግማሽ ሰዓት ሞልቶ መንገዱን ያጥለቀልቃል። ሰዓት ሳይቆይ ደግሞ ጎድሎ ጠጠርና ገለባውን ጥሎ ይሄዳል። እነ ተምጫና ብር፣ እነ ጨሞጋና ግልገል አባይ ስም ያላቸው ወንዞች ናቸውና ድልድይም የውሃ መለኪያም ይተከልላቸዋል። ይህ ስም የለሽ ጅረት ግን ድርሻው ከመንገዱ ሥር የሚቀበር አንድ ቱቦ ነው። ቱቦው ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ አንድ ባለሙያ ወረቀት ላይ ያሰላው ግምት ነው።

ግምቱ ሲያንስ መንገድ ይቆረጣል፣ ከታች ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል። ሲበዛ ደግሞ ለሌላ ሥራ የሚሆን ገንዘብ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ጉዳት በደረሰ ቁጥር የምንሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ዘንድሮ ዝናቡ ከልክ አለፈ»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዝናቡ እንደ ወትሮው ሆኖ፣ የተለወጠው ዝናቡን የሚቀበለው መሬት ነው።

ተፋሰስ ማለት ምን ማለት ነው? የሚገመተውስ ምኑ ነው?

የቆርቆሮ ቤት ጣሪያን አስቡ። በአንድ ወገን ያረፈው ዝናብ ሁሉ ወደዚያው ወገን አሸንዳ ይወርዳል፤ ከጣሪያው አናት ወዲያ ያረፈው ግን ወደ ሌላው ይሄዳል። ተፋሰስም እንዲሁ ነው። ጅረቱ ላይ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ቱቦው የሚቀበርበት ላይ፣ ቁሙና ወደ ላይ ተመልከቱ። ውሃው ወደ እናንተ የሚወርደው መሬት ሁሉ፣ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ፣ የዚያ ቦታ ተፋሰስ ነው።

የሚገመተው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ስህተት ያስከትላል። የመጀመሪያው የጎርፉ ጠቅላላ መጠን ነው፦ ከዘነበው ውስጥ ወደ መሬት ሳይሰርግ የወረደው ውሃ በሙሉ ተደምሮ ስንት ነው? ኩሬ የሚቆፍር ሰው የሚፈልገው ይህን ነው። ሁለተኛው ከፍተኛ ፍሰት ይባላል፦ ጎርፉ ጣሪያ በነካባት ቅጽበት በአንድ ሴኮንድ ስንት ውሃ ያልፋል? ቱቦና ድልድይ የሚሠራ ሰው የሚጨነቀው ለዚህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አምስት መቶ ሰው በዝግታ ቢወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ይበቃዋል። ያው አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቢገፋ ግን በሩ ይጨናነቃል። የሰዉ ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው በአንድ ጊዜ በሩ ላይ የደረሰው ነው።

ለመጠኑ ስሜት እንዲኖረን ያህል፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ነው። በ1 ሄክታር ላይ ሲሆን 10,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 50 ይሞላል። በክረምት አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ያ አንድ ሄክታር 1,500 በርሜል ተቀበለ ማለት ነው። ጥያቄው ከዚህ ውስጥ ስንቱን ይጠጣል፣ ስንቱንስ ይለቃል የሚለው ነው።

ባለሙያው እንዴት ያሰላዋል?

ለትንሽ ተፋሰስ በጣም የተለመደው ስሌት «ራሽናል ሜተድ» ይባላል። ዕድሜው ረጅም ነው፤ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሙልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1851 ሐሳቡን አቀረበ፤ ኩይችሊንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ለሮቸስተር ከተማ የፍሳሽ መስመር ተጠቀመበት። ስሌቱ ሦስት ቁጥሮችን ያባዛል፦ የተፋሰሱን ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ጥንካሬ በሰዓት ሚሊ ሜትር፣ እና ከዘነበው ውስጥ የሚፈሰውን ድርሻ። ውጤቱን ለ360 ሲያካፍሉት በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ይሰጣል።

አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። ስፋቱ 40 ሄክታር የሆነ፣ አብዛኛው ጤፍና በቆሎ የተዘራበት ተዳፋት አለን። በ10 ደቂቃ ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ ያ በሰዓት ቢሰላ የ90 ሚሊ ሜትር ጥንካሬ ነው። ከዘነበው 40 በመቶው ይፈሳል ብንል፣ 0.4 በ90 በ40 ተባዝቶ ለ360 ሲካፈል 4 ይመጣል። በሴኮንድ 4 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ በእያንዳንዷ ሴኮንድ 20 በርሜል ውሃ። አፉ 1 ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ፣ ውሃው በሴኮንድ 2.5 ሜትር ቢሮጥበት፣ ሞልቶ የሚያሳልፈው 2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን ያስፈልጋል።

ቀላል ይመስላል፤ ስሌቱ ቀላል ነውም። ከባዱ ሦስቱን ቁጥሮች ከየት እናመጣለን የሚለው ነው። ስፋቱን ከካርታ እናገኛለን። የቀሩት ሁለቱ ናቸው አታላዮቹ።

ለምን የ10 ደቂቃ ዝናብ? ለምን የቀኑ ዝናብ አይሆንም?

ይህን ለመረዳት የገበያ ቀንን ማሰብ ይበጃል። ጠዋት መጀመሪያ የሚደርሰው የቅርብ ሰፈር ሰው ነው፤ የሩቁ ቀበሌ ሰው ረፈድ ሲል ይገባል። ገበያው የሚጨናነቀው የሩቁ ሰው ሲደርስና የቅርቡም ገና ሳይመለስ ነው። ተፋሰስም እንደዚያ ነው። ከኮረብታው ጫፍ የተነሳችው ጠብታ ቱቦው ዘንድ እስክትደርስ የሚፈጀው ጊዜ «የመሰባሰቢያ ጊዜ» ይባላል። ዝናቡ ቢያንስ ያን ያህል ከቆየ የተፋሰሱ ውሃ ሁሉ በአንድ ላይ በቱቦው አፍ ይገናኛል። ስለዚህ የምንፈልገው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊወርድ የሚችለውን ኃይለኛ ዝናብ ነው።

ይህን ጊዜ ለማስላት ኪርፒች የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው ቀመር ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። በእሱ ስሌት ውሃው 1,000 ሜትር የሚጓዝበት፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ተፋሰስ የመሰባሰቢያ ጊዜው 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ! ዝናቡን ሸሽቶ ዛፍ ሥር የተጠለለ እረኛ ገና ጋቢውን ሳይጨምቅ ጎርፉ ጣሪያው ላይ ደርሷል። የጎጃም ደጋ፣ በተለይ ከጮቄ ተራራ ዙሪያ የሚወርደው መሬት፣ ተዳፋት ስለሚበዛበት ደራሽ ውሃ ጊዜ የማይሰጠው ለዚህ ነው።

ችግሩ ግን በየወረዳው ያለው አብዛኛው የዝናብ መለኪያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት የሚነበብ መሆኑ ነው። ዕቃው ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ተገኘ እንበል። ያ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ በካፊያ ወረደ ወይስ በግማሽ ሰዓት ዶፍ? መለኪያው አይናገርም። ለጎርፍ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከቀኑ ዝናብ ተነስተው የአጭር ጊዜውን ጥንካሬ በተዘጋጀ ኩርባ ይገምታሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚህ ይገባል።

«የሃምሳ ዓመት ጎርፍ» በሃምሳ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው?

አይደለም። ይህ ስያሜ ብዙ ሰው አሳስቷል። የሃምሳ ዓመት ጎርፍ ማለት በየትኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ ከመቶ 2 የሆነ ጎርፍ ነው። ዘንድሮ ቢመጣ ለከርሞ አይመጣም የሚል ዋስትና የለም። ለ10 ዓመት ጎርፍ ተብሎ የተሠራ ቱቦ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጎርፍ የሚገጥመው ዕድል 65 በመቶ ነው። ይህ የሚሰላው ዕጣ በተደጋጋሚ እንደማውጣት ነው፦ በየዓመቱ የማምለጥ ዕድሉ 0.9 ነው፤ 0.9ን አሥር ጊዜ በራሱ ስናባዛው 0.35 ይቀራል። ስለዚህ ለአነስተኛ መንገድ የተቀበረ ቱቦ አንድ ክረምት ላይ ቢሞላ የግድ የሥራ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። በየክረምቱ የሚሞላ ከሆነ ግን ግምቱን እንደገና ማየት ነው።

ከዘነበው ስንቱ ይፈሳል? ጎጃም ላይ ነገሩ የሚለየው እዚህ ነው

የሚፈሰው ድርሻ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ከሠንጠረዥ ነው፦ ለደን ዝቅ ያለ፣ ለእርሻ መካከለኛ፣ ለቆርቆሮና ለአስፋልት ወደ አንድ የተጠጋ። ሰፋ ላለ ተፋሰስ ደግሞ «ከርቭ ነምበር» የሚባለው ዘዴ አለ፤ የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያዘጋጀው ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የውሃ ማስወገጃ ዲዛይን መመሪያም ራሽናል ሜተድ ከ50 ሄክታር በታች ላለ ተፋሰስ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ከርቭ ነምበርን የመሰሉ ዘዴዎች ይመጣሉ። ዘዴው አፈርን በአራት ምድብ ከፍሎ፣ ከሽፋኑ ጋር አዛምዶ ከ100 የማይበልጥ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ውሃ አይጠጣም።

ይህ ቁጥር ጥቂት ቢዛነፍ ምን ይሆናል? 60 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ቁጥሩ 75 ቢሆን የሚፈሰው 14.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ 85 ቢሆን ግን ወደ 27 ይወጣል። ከሠንጠረዥ ላይ በአንድ መስመር መሳሳት ጎርፉን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ፦ ጎርፍ የሚፈጠረው ዝናቡ አፈሩ ከሚጠጣበት ፍጥነት በላይ ሲወርድ ነው የሚል። በደረቅና በተራቆተ አገር ይህ ልክ ነው። ጎጃም ላይ ግን የተለካው ነገር ሌላ ይናገራል።

ደምበጫ ወረዳ ውስጥ አንጀኒ የሚባል 113 ሄክታር ገደማ የሆነ ትንሽ ተፋሰስ አለ። ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዝናቡና ጅረቱ ሲለካ ቆይቷል። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ደግሞ ደብረ መዊ አለች፤ እዚያም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ለክተዋል። በእነዚህ ቦታዎች አብዛኛው የተዳፋት አፈር ውሃ የሚጠጣበት ፍጥነት ከአብዛኛው ዝናብ ጥንካሬ በልጦ ተገኝቷል። ታዲያ ጎርፉ ከየት መጣ?

ድርቆሽና ወጥ መልሱን ይሰጡናል። ደረቅ ድርቆሽ ላይ ወጥ ስታፈሱ መጀመሪያ ይጠጣዋል፤ ሳህኑ ላይ ምንም አይታይም። ደጋግማችሁ ስታፈሱበት ግን ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ትንሽ እንኳ ዳር ዳሩን ይፈስሳል። የጎጃም መሬትም በሰኔ ደረቅ ድርቆሽ ነው። ክረምቱ ሲገፋ ከተዳፋቱ የሰረገው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ተሽሎክሉኮ ወደ ታች፣ ወደ ሜዳማው ግርጌ ይሰበሰባል። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ያ ግርጌ፣ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ፣ ሙሉ በሙሉ ጠግቧል። ከዚያ በኋላ እላዩ ላይ የሚያርፈው ዝናብ፣ ካፊያም ቢሆን፣ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይፈሳል። ከላይ ደግሞ አፈሩ ስስ ሆኖ ዐለቱ ቅርብ የሆነበት የተራቆተ ቦታ እንዲሁ ያደርጋል።

አንጀኒን ጨምሮ በሦስት የደጋ የምርምር ተፋሰሶች የተሰበሰበው ልኬት ሲመረመር አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የዘነበው፣ በትነት የሚሄደው ተቀንሶ፣ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ከዚያ በኋላ ከሚተርፈው ዝናብ ግማሽ ያህሉ በጅረቱ ይወጣል፤ ከፊሉ በገጸ ምድር፣ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ዘልቆ። ከዚያ በፊት ግን የሚወጣው ጥቂት ነው። ከርቭ ነምበርም የአፈሩን እርጥበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ያለፉትን አምስት ቀናት ዝናብ ነው። እኛ ዘንድ ሙላቱ የሚጠራቀመው በሳምንታትና በወራት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሠንጠረዥ የሚቀዳው ቁጥር እኛ አገር ሲመጣ በብዛት የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። የሰኔ ጎርፍ ቀይና ወፍራም ነው፤ አዲስ የታረሰውን አፈር ይዞ ይወርዳል። የነሐሴው ጎርፍ ብዙ ነው፣ ግን ከሰኔው ይጠራል። የተለካውም ይህንኑ ያሳያል፦ በውሃው ውስጥ ያለው የደለል መጠን በክረምቱ መግቢያ ከፍ ብሎ ወደ ነሐሴ ይወርዳል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያንኑ 40 ሄክታር፣ ያንኑ የ90 ሚሊ ሜትር ጥንካሬ እንያዝ። በነሐሴ አጋማሽ የሚፈሰው ድርሻ ከ0.4 ወደ 0.6 ቢያድግ ፍሰቱ ከ4 ወደ 6 ሜትር ኩብ ይወጣል። ሁለቱ ቱቦዎች አይበቁም፤ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ዝናቡ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልጨመረም።

ፈሰስ፣ እርከንና ባሕር ዛፍ ግምቱን ይለውጡታል?

ይለውጡታል። ጤፍ የሚዘራ የጎጃም ገበሬ ማሳው ውሃ እንዳይቋጥርና ዘሩ እንዳይጠረግ በማረሻ ገደም አድርጎ ፈሰስ ያወጣል። ለዚያ ማሳ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዋልካ ላይ ያለ ፈሰስ ጤፍ ማብቀል ከባድ ነው። ግን ፈሰሱ ውሃውን አሳጥሮና አፋጥኖ ያወርደዋል። በገበያው ምሳሌ ብናየው የሩቁ ሰው በመኪና መጣ ማለት ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያው ላይ ደረሰ። የመሰባሰቢያው ጊዜ ሲያጥር ከፍተኛው ፍሰት ያድጋል። የአንዱ ፈሰስ መውጫ የሌላው ቦረቦር መነሻ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጎረቤታሞች በፈሰስ የሚጣሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እርከን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ተዳፋቱን ይከፋፍላል፣ ውሃውን ያዘገያል፣ የመስረጊያ ጊዜ ይሰጠዋል። አንጀኒ ላይ የተሠራው ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ የሚጥል ዓይነት ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጥር የተቆፈረው በሚቀጥለው ጥር መጠረግ አለበት። አንድ ጊዜ የተሠራ እርከንን አይቶ የጎርፉን ግምት ለሁልጊዜው ዝቅ ማድረግ አደገኛ ነው።

ሌላም ስስ ነገር አለ። ከላይ በእርከን ያሰረግነው ውሃ ከአፈር ሥር ሆኖ ወደ ግርጌው ይሄዳል። ደብረ መዊ ላይ እንደታየው ቦረቦር በብዛት የሚሰፋው በግርጌው የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ሲል ነው፤ ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ይናዳል። ስለዚህ ተዳፋቱ ብቻ ታክሞ ግርጌው ከተረሳ ሥራው ግማሽ ነው። ውሃ ጠጪ ነው ተብሎ በሚታማው ባሕር ዛፍ በኩል ደግሞ፣ ሥሩ ያለው መሬት በቅጠልና በሣር ካልተሸፈነ፣ ጠንካራ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ መኖሩ ብቻ ጎርፍን አይከለክልም።

መለኪያ የሌለበት ቦታ ግምቱን በምን እናመሳክረው?

በሰው ትዝታና በጎርፉ ዱካ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ ውሃው የደረሰበትን ልክ ያሳያል። ውሃው ሲጎድል፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ፣ ያንን ልክ ይዞ የጅረቱን ስፋትና ጥልቀት በሜትር መለካት ይቻላል። ፍጥነቱን ለማወቅ ደግሞ ጅረቱ መጠነኛ ሆኖ ሲፈስ ከዳር ቆሞ ዕንጨት መጣልና 10 ሜትር በስንት ሴኮንድ እንደሄደ መቁጠር ነው። ወደ ደራሽ ውሃ ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ እያሳሳቀ የሚወስደው እሱ ነው።

ለምሳሌ ውሃው 2 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.8 ሜትር ጥልቀት ኖሮት፣ ዕንጨቱ 10 ሜትሩን በ5 ሴኮንድ ቢጨርስ፣ የላይኛው ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜትር ነው። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.85 ያህል እናባዛዋለን። ውጤቱ በሴኮንድ 2.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለትልቁ ጎርፍ ፍጥነቱ ከዚህ ስለሚጨምር ዱካው የሚሰጠው ቁጥር ዝቅተኛው ወሰን ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ከዚያ ቀጥሎ በአካባቢው ያሉትን አባቶችና እናቶች መጠየቅ ነው። «ውሃው ከዚህ ድንጋይ አልፎ ያውቃል? መቼ? ዘር ተዘርቶ ነበር ወይስ ደርሶ ነበር?» የመጨረሻው ጥያቄ ወሩን ያወጣል፤ ወሩ ደግሞ መሬቱ ደረቅ ድርቆሽ እንደነበር ወይም ጠግቦ እንደነበር ይነግራል። ወረቀቱ 4 ሜትር ኩብ ብሎ ዱካው 6 ካለ፣ ዱካውን አምኖ ወደ ሠንጠረዡ መመለስና የሚፈሰው ድርሻ ለየትኛው ወር እንደተወሰደ ማየት ነው።